ለሁለት መሥሪያ ቤት አንድ መርዶ

ደክሞኛል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ወሬዬ መሀል ላይ ቢንቀራፈፍ ሰውዬውን ምን ነካው እንዳትሉ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ከአቡዳቢ አል አይን፣ ከአል አይን አቡዳቢ ስመላለስ የኖርኩ ሾፌር ነኝ። አንዱ ጉዞ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ግራው አሸዋ፣ ቀኙ አሸዋ፣ መሀሉ ራዳር። እኔ ከደሴ ኮምቦልቻ በዚያ ጠመዝማዛ ስወርድ ስወጣ መንዳት የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ገደል በሌለበት መንገድ እንቅልፍን በምን እንደሚያባርሩት አላውቅም ነበር። እስካሁንም አላወቅኩም፤ ከረክ ሻይ እየጠጣሁ ፊቴን በጥፊ እየመታሁ ነው የምሄደው።

የምነዳው ዶክተር ተስፋሁንን ነው። የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ ስታቲስቲክስ ያስተምራል፤ አርባ አራት ዓመቱ ነው፤ አላገባም። ለምን አላገባም ብትሉኝ ጊዜ አላገኘም። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፣ እሱም በዕድሜ ስለምበልጠው ጋሼ እያለ አንቱ ይለኛል። ለእናንተ ሳወራ ግን "ሄደ፣ መጣ" ብል አትቀየሙኝ፤ ይህን ሁሉ መንገድ አንቱ እያልኩ ልዘልቀው አልችልም። ካፊሌም፣ ስፖንሰሬ ማለት ነው፣ እሱ ነው። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በሱ ስም ነው፤ እሱ ከቆመ ቆምኩ፣ እሱ ከወደቀ ሻንጣዬን መሸከፍ ነው።

ታዲያ ይህ ሰው አቡዳቢ ውስጥ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የሙሉ ጊዜ መምህር ነው። አል አይን ውስጥም የሌላ ዩኒቨርሲቲ የሙሉ ጊዜ መምህር ነው። አንደኛው ስለ ሌላኛው አያውቅም። ሁለት ሙሉ ጊዜ አንድ ሰው ላይ እንዴት ይገባል፣ ወረቀቱንስ ማን ፈረመለት ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ። ሒሳቡ የሱ ነው፣ የኔ መሪው ነው።

መኪናዋን ብታዩ ቁም ሣጥን ነው የምትመስለው። የኋላው ወንበር ላይ ሁለት ጃኬት፣ ሁለት የምሳ ዕቃ፣ ሁለት የአንገት መታወቂያ አለ፤ የአቡዳቢው ሰማያዊ፣ የአል አይኑ አረንጓዴ። አንድ ቀን አረንጓዴውን አጥልቆ ሰማያዊው በር ላይ ሊገባ ሲል ሮጬ አንገቱን ያዝኩት። ዘበኛው የተጣላን መስሎት ሊገላግለን መጣ። የአገራችንን የመሥሪያ ቤት ዘዴማ ታውቁታላችሁ፤ ኮት ወንበር ላይ ሰቅሎ መጥፋት። ዶክተሩ አል አይን ቢሮው ውስጥ ያንን ያደርግ ነበር። ኮቱን ይሰቅላል፣ አሮጌ መነጽር ጠረጴዛው ላይ ያኖራል፣ ኮምፒውተሩን አይዘጋም። በሩን ከፍቶ ያየ ሁሉ "አሁን እዚህ ነበር" ብሎ ይመለሳል። የኮቱ አቀማመጥ በየሳምንቱ እንዲቀየር ደግሞ እኔ ነበርኩ ኃላፊው። አንዳንዴ እጅጌውን ጠቅልዬ እተወዋለሁ፣ ሥራ የበዛበት እንዲመስል። ተባባሪ አይደለሁም ብዬ አልምልም።

እኔ የምፈልገው አሥር ቀን ፈቃድ ብቻ ነበር። ሐይቅ ከተማ ያለችው ትንሿ ልጄ ሐያት ልታገባ ነው። የታላቋን ሰርግ በስልክ ነው ያየሁት። ስልኩን የያዘው የወንድሜ ልጅ ጨዋታ ስለሚወድ፣ ከሰርጉ የማስታውሰው የድንኳን ምሰሶና የሱን አውራ ጣት ነው። ሐያት ይህን ታውቃለች። "አባ፣ የኔንም በስልክ ልታየው ነው?" አለችኝ። ወላሂ እመጣለሁ አልኳት። የማልኩት ዶክተሩን ሳልጠይቅ ነው፤ ጅልነቴ ከዚያ ይጀምራል።

ስጠይቀው ፊቱ ጠቆረ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ሁለት የትምህርት ካላንደር አውጥቶ የመኪናው አፍንጫ ላይ ዘረጋልኝ። የአቡዳቢው ሲዘጋ የአል አይኑ ይፈትናል። የአል አይኑ ሲያርፍ የአቡዳቢው ይመዘግባል። ሁለቱም አብረው የሚተኙበት አንድ ሳምንት እንኳን የለም። እሱ ራሱ በዚህ ምክንያት አራት ዓመት እናቱን አላየም። ሌላ ሾፌር ለአሥር ቀን ይተካኝ ስለው ደነገጠ፤ ምስጢሩን ለሌላ ሾፌር ከመንገር ሁለቱንም ሥራ ቢለቅ ይሻለዋል። "ሰሜስተሩ ይለቅ፣ ጋሼ" አለኝ። የትኛው ሰሜስተር እንደሆነ አልነገረኝም። ነገሩ ሲጠቀለል እሱ አገር ካልገባ እኔም አልገባም ማለት ነው። ሰርጉ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

በዚህ ላይ እያለን አንድ ማክሰኞ መጣ። ያን ዕለት ሁለቱም ዩኒቨርሲቲ እንግዳ ነበረባቸው፤ ከላይ የመጡ፣ መምህራኑን አንድ በአንድ ካላየን የሚሉ ዓይነት። ዶክተሩን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አቡዳቢ አወረድኩት። ሦስት ተምር በልቶ፣ እያንጎራጎረ ነው የወረደው። ያረመውን የፈተና ወረቀት ሰጠኝና አል አይን አድርስልኝ አለ። አደረስኩ።

እዚያ ሻይ የምታፈላው ዘይነብ የምትባል የባቲ ልጅ ናት። ስታየኝ ሻሿን አፏ ላይ ያዘች። የዶክተሩ እናት አርፈዋል አለችኝ። ትናንት ማታ ለዲኑ በኢሜይል መጣ፣ ፀሐፊዋ ለሁሉም ተናገረች፣ አበባ ሊላክ ነው። ኢሜይሉ ከማን እንደመጣ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። ሰው ሞተ ሲባል ማን ጻፈው ብሎ የሚጠይቅ ምን ዓይነት ሰው ነው?

እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው። ጠዋት ተምር እየበላ ያንጎራጎረ ሰው እናቱ መሞታቸውን አልሰማም። እንግዲህ ከአገር ቤት ወደ መሥሪያ ቤቱ ደርሷል፣ እነሱም ለሰውዬው ደብቀውታል ማለት ነው። ይገርማችኋል፣ አረቦቹን አደነቅኩ። የእኛን ልማድ ማን አስተማራቸው አልኩ። እኛ ዘንድ እናቱ የሞተችበት ሰው በስልክ አይነገረውም፣ በመኪና ውስጥ አይነገረውም፣ በሥራ ቦታው አይነገረውም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ በማለዳ በሩ ይንኳኳል፣ ሰው በሰው መሀል ሆኖ ይረዳል። መርዶ ሥርዓት አለው። እዚህ አገር ደግሞ ዶክተሩ ከእኔ በቀር ማን አለው? ዘይነብን አፍሽን ያዢ ብያት፣ ነገሩን እኔ ተሸከምኩት።

ስመለስ መንገድ ላይ ለጋሽ በቀለ ደወልኩ። ጋሽ በቀለ አል ሙሽሪፍ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ፣ ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። እሳቸውም ረቡዕ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ልጁ ከቤት ሳይወጣ እናርዳው አሉ። የዶክተሩ ቤት አል ናህያን ሰፈር ነው፤ ወንበር ከሸኽቦት ሲቲ ሰፈር የሚያመጣ የአገር ልጅ ተገኘ፤ ሴቶቹ ንፍሮና ሻይ ያዙ።

ከዚያ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ ነገር መጣ። እዚህ ላይ እንኳን ብልህ ነበርኩ ብዬ አስባለሁ። የሁለቱን ምስጢር አውቃለሁ። ግን ሰው እናቱ ሞታ የሥራ ባልደረባው ሳይደርሰው ቢቀር ነውሩ ለዕድሜ ልክ ነው፤ ነውሩም የእኔ ነው የሚሆነው። ስለዚህ እንደ ዶክተሩ ካላንደር አወጣሁ። የአል አይኖቹን በዘይነብ በኩል በአንድ ሰዓት ይምጡ አልኩ። ለአቡዳቢዋ ፀሐፊ ራሴ ደውዬ በአረብኛ ለቅሶው ሦስት ሰዓት ላይ ነው አልኳት። መሀላቸው ሁለት ሰዓት አለ። የፊተኞቹ ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ፣ የኋለኞቹ ይመጣሉ። አራት ዓመት የተማርኩት በከንቱ አልነበረም።

ማክሰኞ ማታ ዶክተሩን ወደ ቤት ስወስደው ከኋላ ሆኖ የእንግዶቹን ነገር እያወራ ይስቃል። እኔ እንባዬ በጉንጬ ይወርዳል። "ጋሼ፣ አሞዎታል?" አለኝ። ጉንፋን ነው አልኩት። ሲወርድ ስልኩን ወንበሩ ላይ ረሳው። አየሁት፣ ግን አልነገርኩትም። ማንም ደውሎ እንዳያረዳው ብዬ ድምፁን አጠፋሁና ኪሴ ከተትኩት። ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት አሥራ አንድ ሰው ሆነን ደረጃው ላይ ቆምን። ጫማችንን በሩ ላይ ደረደርን። ጋሽ በቀለ አንኳኩ። ዶክተሩ በፒጃማ፣ የጥርስ ብሩሽ በአፉ እንደያዘ ከፈተ። ያን ሁሉ ነጠላ ሲያይ ብሩሹን ከአፉ አወጣ።

"ልጄ፣ ወንድ ልጅ ነህ ጠንክር። እናትህ አርፈዋል።"

ብዙ ለቅሶ አይቻለሁ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ግን ሰምቼ አላውቅም። "እማዬ" አለና እዚያው በሩ ላይ በጉልበቱ ወደቀ። የተማረ ሰው እንደዚህ ያለቅሳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ግድግዳውን በግንባሩ ሊመታ ሲል ያዝነው። "እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ የገደልኳት" ይላል። ሰው ሲያዝን እንደዚህ ይላል፤ ሁላችንም አብረነው አለቀስን። እኔ አራት ዓመት ያጠራቀምኩትን ሁሉ ነው ያወጣሁት፤ ገሚሱ ለሳቸው፣ ገሚሱ ለመንገዱ ነበር።

አንድ ሰዓት ሆነ፣ የአል አይኖቹ የሉም። ዘይነብ ደወለች፤ ጉም ወርዶ መንገዱ አይታይም፣ መኪናው ሁሉ እያዘገመ ነው። አራት ዓመት ያንን ጉም ስረግመው የኖርኩ ሰው፣ ካላንደሬን ሳወጣ ጉሙን ረስቼዋለሁ። ሁለት ሰዓት ሲሆን በሩ ተንኳኳ። የአቡዳቢዋ ዲን ናት፤ አክባሪ ሴት ስለሆነች ሰዓት አላልፍም ብላ አንድ ሰዓት ቀድማ መጣች። ሶፋው ላይ አስቀመጥናት። ሻይዋን ሳትጨርስ የአል አይኑ ዲን ከነፀሐፊውና ከነዘይነብ ደረሰ። ባዶው ቦታ ያለው ያው ሶፋ ላይ ነው። አጠገቧ ተቀመጠ።

እንግዲህ እኔ አረብኛ እሰማለሁ። ባልሰማ ይሻለኝ ነበር። መጀመሪያ ሰላምታ ተለዋወጡ። ከዚያ እሷ ከየት ነዎት አለችው፤ ተናገረ። እሱም ጠየቃት፤ ተናገረች። ከእናንተ ጋር ምን ያህል ጊዜ ሠራ አላት። አራት ዓመት፣ በሙሉ ጊዜ አለችው። እሱም ሻዩን አስቀመጠና እኛም ጋ እንደዚያው ነው አለ።

ከዚያ እሷ፣ ግራ ገብቷት መሆን አለበት፣ እናቱ ዐምና አርፈው አበባ ልከን ነበር አለች። እዚህ ላይ ዝም ማለት የሚችል ሰው ነበር የሚያስፈልገው። እኔ ግን ሻይ እየቀዳሁ ገባሁበት፤ የዛሬዋ የእንጀራ እናቱ ናቸው አልኩ። ዲኑ እኔን አየና በኅዳር አጎቱ ሞተ፣ በመስከረም አያቱ ሞቱ፣ አክስቱም ከዚያ በፊት አለ። የመጨረሻዋን ሲጠራ በጣቱ ይቆጥር ነበር። እሷም ከእሷ በኩል የሞቱትን ቆጠረች። ከሁለቱ ዝርዝር አንድ ሙሉ ቀበሌ ያልቃል። ዶክተሩ ነጠላ ተከናንቦ ጥግ ላይ ይንሰቀሰቃል እንጂ አንዱንም አልሰማም።

በዚህ መሀል ኪሴ ተንቀጠቀጠ። የዶክተሩ ስልክ ነው። አወጣሁና አየሁ። "እማዬ" ይላል።

ቢስሚላሂ አልኩ። ለጋሽ በቀለ አሳየኋቸው፤ ሦስት ጊዜ አማተቡ። ደግሞ ተንቀጠቀጠ። ምን ላድርግ? ለባለቤቱ ሰጠሁት። ዶክተሩ በእንባው ውስጥ ስልኩን አየ፣ እኛን አየ፣ ነካው። ቤቱ ሁሉ ፀጥ ብሎ ስለነበር የሴትዮዋ ድምፅ ሶፋው ድረስ ይሰማል።

"አንተ ልጅ፣ ከትናንት ማታ ጀምሬ ስደውል ለምን አታነሳም?"

"እማዬ፣ አለሽ?"

"እኔማ የት እሄዳለሁ። የጠፋኸው አንተ ነህ እንጂ።"

ዶክተሩ ስልኩን ደረቱ ላይ ይዞ እንደገና አለቀሰ፤ ይሄኛው ግን ሌላ ለቅሶ ነበር። ጋሽ በቀለ ቀስ ብለው "ታዲያ የሞተው ማነው?" አሉ። ሁሉም እኔን አየ። እኔ ዘይነብን አየሁ። ዘይነብ ፀሐፊዋን አየች። ዲኑ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ኢሜይሉን ከፈተና ለአቡዳቢዋ ዲን አሳያት። የጻፈው ዶክተሩ ራሱ ነው። ማክሰኞ ለሁለቱም እንግዶች መድረስ ስላልቻለ ነው የጻፈው፤ አል አይን ላይ ደግሞ ሌላ የሚሞት ዘመድ አልቀረውም ነበር።

ዲኑ ጨዋ ሰው ነው። ተነሥቶ ዶክተሩን አቀፈው፣ እናትህ በሕይወት በመኖራቸው አልሐምዱሊላህ አለው። ቀጥሎ ነገ ጠዋት ቢሮዬ ና አለው። ዲኗም አቀፈችው፣ ከዚያ ስትጨርስ እኔ ጋ ና አለችው። ሁለቱ አብረው በአንድ ሊፍት ወረዱ። ንፍሮው ሳይበላ ቀረ፤ ሴቶቹ በፌስታል እየቋጠሩ ለአልቃሹ ሁሉ አደሉት።

ከዚያ ያለው አጭር ነው። በአራት ቀን ውስጥ ከሁለቱም ኸላስ ተባለ። የሱ ሲያበቃ የኔም ኢቃማ አብሮ አበቃ። ልሰደብ ተዘጋጅቼ ቤቱ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ተወው በሚል እጁን አነሣ። በሩ ላይ ጋሽ በቀለን ሲያይ እግዚአብሔር ኢሜይሉን ያነበበው እንደመሰለው ነገረኝ። ለእኔም ትኬት ቆርጦልኛል። የመሄጃ ብቻ ነው፤ መመለሻ የሚሆን ሥራ የለንም።

ለሐያት ደወልኩላትና እመጣለሁ አልኳት። "ሰሜስተሩ አለቀ?" አለችኝ። ሁለቱም አለቁ አልኳት። አላመነችኝም፤ ስልክ የሚይዘውን ልጅ ለማንኛውም እንዳዘጋጀችው ነገረችኝ። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሞልቶኛል፣ በዚህ ዕድሜ ከዚህ በኋላ ምን ሠርቼ እንደምበላ አላውቅም፤ የሷ አለማመን ግን ከዚያ ይበልጥ አመመኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ጎን ለጎን ተቀምጠን በረርን። በአራት ዓመት ውስጥ ከኋላዬ ሳይሆን አጠገቤ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው። አየር ላይ ከወጣን በኋላ ቀበቶውን እየፈታ ዞር አለብኝ።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ዘይነብ የእናቴን መሞት ስትነግርዎት መጀመሪያ ምን ተሰማዎት?"

ልዋሽ ነበር። ኢናሊላሂ አልኩ፣ እንባዬ መጣ ልለው ነበር። እሱም እውነት ነው፣ ግን ሁለተኛ ነው የመጣው። አራት ዓመት የሱን ውሸት ስሸከም ኖሬ በዚያች ሰዓት የራሴን ለመጨመር አቅም አጣሁ።

"ደስ አለኝ" አልኩት። "እናትዎ ከሞቱ አገር ይገባሉ፤ እርስዎ ከገቡ እኔም ለልጄ ሰርግ እደርሳለሁ አልኩ። ያለቀስኩት ከዚያ በኋላ ነው።"

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። የተቀየመኝ መስሎኝ ነበር።

"እኔ የገደልኳት ለግማሽ ቀን ፈቃድ ነው" አለኝ። "እርስዎ ቢያንስ ለልጅዎ ሰርግ ነው።"